የራያ ጎርፍና የተከዜ ዓሣ፦ ውኃው ሲያልፍ የቀረው ሰው

በሀገራችን የረሃብ ታሪክ ሲጻፍ ተከሳሹ ዘወትር ሰማይ ነው። ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሕዝብ ተሰደደ ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ረሃብን ከዝናብ እጥረት ይልቅ ከገበሬው ተጋላጭነትና ተጋላጭ ካደረገው ሥርዓት ጋር አያይዘው ከተከራከሩ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። እኔም ያንኑ ክርክር ብዙ ጊዜ በማይታይበት በኩል፣ በውኃና በዓሣ በኩል፣ ለማየት እሞክራለሁ። መነሻዬ ቆቦና የራያ ቆላ ነው።

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በላስታና በግዳን ደጋ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል የተዘረጋ ነው። ጎሊናና ሆርማትን የመሳሰሉ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ወደ ሜዳው ይገባሉ፤ የተረፈው ውኃ ወደ አፋር ያመራል። በክረምት ደራሹ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል፤ ሲያልፍ ደለልና አሸዋ ይተዋል። የራያ ገበሬ ከዚህ ጎርፍ ጋር መኖርን ከአያቶቹ ተምሯል። ደመናው በተራራው ላይ ሲጠቁር ቦዩን ጠርጎ፣ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ይመራዋል። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ማሳው የሚጠጣበት ዓመት አለ፤ ደጋው ሲደርቅ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይደርቃሉ።

የእነዚያው ተራሮች ሌላው ገጽ ውኃውን ወደ ምዕራብ ይልካል። ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ነው። በአንድ ክረምት፣ በአንድ የተራራ ሰንሰለት ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ የራያን ማሳ አጥጥቶ አፋር ውስጥ ሲቀር፣ ግማሹ ዋግን አቋርጦ ሱዳን ይገባል። ጥያቄው እንግዲህ በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ከዚህ ውኃ ምን አገኘ የሚለው ነው።

መንግሥት ራያን እንዴት አየው?

ለአዲስ አበባ መንግሥታት ራያ ለረጅም ጊዜ ሁለት ነገር ነበር፤ የሰሜን መተላለፊያና የሸፍታ አገር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት እልቂት ያስከተለው ክፉ ቀን አካባቢውን አራቆተው። ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. የራያና አዘቦ ዐመፅ ተነሣ፤ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ወደቁ፤ ዐመፁም በኃይል ተደፈጠጠ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ የማይጨው ጦርነት ተሸንፎ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ሲያፈገፍግ፣ አሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረዱበት። ጣሊያን ያስታጠቃቸው፣ የ1922ቱን ቂም ያልረሱ የራያና አዘቦ ሰዎችም በዚያው ሠራዊት ላይ ተኩሰዋል። ይህ የሚመር ታሪክ ነው፤ ግን መንግሥት ከሕዝቡ ጋር የነበረውን ዝምድና ከየትኛውም ሰነድ በላይ ይገልጻል።

ከዚያ ጦርነት የተገኘው የካሣ ገንዘብ የት ገባ? ከጣሊያን በተከፈለው የጦር ካሣ አዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቆቃ ለመዲናዋ መብራት፣ ለሸዋ ፋብሪካዎች ኃይል ሰጠ፤ ሰው ሠራሽ ሐይቁም ሳይታሰብ የዓሣ አጥማጆች መተዳደሪያ ሆነ። ግድቡ ባልከፋ። ነገር ግን መርዙ የወረደው አሸንጌ ላይ፣ መብራቱ የበራው አዲስ አበባ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በቆቦ መንገድ ዳር ሰው ሲያስተኛ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ በቢቢሲ ለዓለም ሲታይ፣ ያ አካፋፈል አልተለወጠም ነበር። ኮረም ከአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ናት። በሐይቅ ጎረቤት ሕዝብ በረሃብ ያለቀበት አገር ስለ ሰማይ ብቻ ማውራት አይችልም።

ሐይቅና ተከዜ

ወሎ ውስጥ የዓሣ ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ሐይቅ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የታወቀው ይህ ውኃ ቆሮሶ አልነበረውም። ቆሮሶ የተጨመረበት በ1970 ዓ.ም. ግድም ነው። ዓሣው ረባ፤ ወጣቶች መረብ ያዙ፤ ኑሮ ተገኘ። ቀጥሎ የመጣው በብዙ ሐይቆቻችን የሚታየው ነው። አጥማጁ በዛ፣ የመረቡ ዓይን ጠበበ፣ ያልወለደ ዓሣ ወጣ፣ ምርቱ አሽቆለቆለ። ዓሣውን የጨመረው መንግሥት ሥርዓቱን አብሮ አልጨመረም።

ትልቁ ፈተና ግን ተከዜ ላይ ነው። በዋግ ኽምራና በትግራይ መካከል የተሠራው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንዲይዝና 300 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ታስቦ የተገነባ ነው። ዓሣ የግድቡ ዓላማ አልነበረም። ወንዙ ሐይቅ ሲሆን ቆሮሶውና አምባዛው በራሳቸው ረቡ፤ እስከዚያ ድረስ ፍየል ሲያግድና ማሽላ ሲዘራ የኖረው የአበርገሌና የዝቋላ ወጣት በማኅበር ተደራጅቶ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። አባቱ ያላስተማረውን ሙያ ተማረ።

ሥራው እንዲህ ነው። መረብ አመሻሹ ላይ ይጣላል፣ ሲነጋ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ከፀሐይ ጋር ነው። በዚያ ቆላ ሙቀት በረዶ ያላገኘ ዓሣ እስከ ቀትር አይቆይም፤ ስለዚህ ወይ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል፣ ወይ መኪና ይዞ በመጣ ነጋዴ ዋጋ ይሸጣል። በጾም ወራት ከተሜው ዓሣ ሲፈልግ ዋጋው ይወጣል፤ ጭማሪው ግን በአብዛኛው የሚቀረው ማቀዝቀዣ ባለው እጅ ነው። 300 ሜጋ ዋት በሚመነጭበት ውኃ ላይ የሚሠራ ሰው በበረዶ እጦት ምርቱን ሲያረክስ፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት አዲስ ትርጉም ያገኛል።

ሌላም አለ። የኃይል ማመንጫ ሐይቅ በየወሩ ከፍና ዝቅ ይላል። ቆሮሶ ጎጆውን የሚሠራው ጥልቀት በሌለው የዳር ውኃ ውስጥ ነው፤ ተርባይኑ ውኃውን ሲስበው ጎጆው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ውኃው መቼ፣ ምን ያህል እንደሚለቀቅ ሲወሰን አጥማጁ ወንበር የለውም።

ሕጉና ጦርነቱ

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ፈቃድን፣ የማስገሪያ መሣሪያንና ቁጥጥርን ይመለከታል። ተከዜ ግን አንድ ውኃ ሆኖ ሁለት ክልል ያዋስናል። በአንዱ ዳር የመራቢያ ወቅት ተከብሮ በሌላው ዳር መረብ ከተጣለ ጥበቃው ከንቱ ነው፤ ዓሣ የወሰን ካርታ አያነብም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ደግሞ የሁለቱን ዳር ሰዎች ጨርሶ ለያየ። ቆቦም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ሆና ብዙ ሰላማዊ ሰው አጣች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስለ ትጥቅና ስለ ሥልጣን ውል ተፈረመ፤ በአንድ ሐይቅ የሚተዳደሩ ሁለት ጎረቤቶች ዳግም አብረው እንዴት እንደሚያጠምዱ የሚነግራቸው ግን ያ ውል አይደለም።

ቆቦ የራሷ ግድብና ሐይቅ የሌላት፣ ሀብቷ ከመሬት በታች ያለ ሜዳ ናት። በቆቦ ጊራና የሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ለዘመናት የተጠራቀመውን የጎርፍ ውኃ ወደ ማሳው መልሰው አውጥተዋል። ይሁንና ጉድጓድ ያለ ፓምፕ፣ ፓምፕም ያለ ኃይል ዋጋ የለውም። መስመሩ ሲቋረጥ ሽንኩርቱ በማሳው ይጠወልጋል። የቆቦው ገበሬና የተከዜው ዓሣ አጥማጅ ሳይተዋወቁ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል፤ በተራራቸው ውኃ የተመረተው ኃይል ለእነርሱ መቼ ይደርሳል?

«ዓሣ ምን ያህል ገቢ ሊያስገባ ነው፣ አገር የሚያድገው በኃይል ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ግድብ አይሠራ አላልኩም። ጥያቄዬ ከግድቡ ሂሳብ ውስጥ የዳርቻው ሰው ለምን ተዘለለ የሚል ነው። አንድ የበረዶ ማምረቻ፣ ከግድብ አስተዳዳሪዎች ጋር የሚቀመጥ የአጥማጆች ተወካይ፣ ሁለቱ ክልሎች በጋራ የሚያከብሩት አንድ የመራቢያ ወቅት፤ እነዚህ ከግድቡ ወጪ አንጻር ኢምንት ናቸው። እስካሁን አለመደረጋቸው የገንዘብ እጥረት ብቻ አያሰኝም፤ ውኃውን ስናይ ሜጋ ዋቱን እንጂ ሰውየውን የማየት ልማድ የለንም። ያ ልማድ እስካልተለወጠ ድረስ ቀጣዩ ድርቅ ሲመጣ እንደገና ሰማዩን መክሰሳችን አይቀርም።