የእርሻ ድጎማ በእስራኤል፦ ማን ይከፍላል? ማን ይቀበላል?

ነታንያ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትመሠረት ብርቱካን የሚለማባት መንደር ነበረች። ዛሬ አብዛኞቻችን የምናርሰው መሬት የለንም፤ ሆኖም የገበሬውን ድጎማ ከሚከፍሉት መካከል ነን።

እንዴት? መንግሥት ለብዙ ዓመታት ገበሬውን የደገፈው በአብዛኛው ገንዘብ በእጁ ሰጥቶ ሳይሆን ዋጋ አስጠብቆ ነው። ከውጭ በሚገባው ምርት ላይ ቀረጥ ጣለ፤ ወተትና እንቁላልን በኮታ ወሰነ። ኮታው የተሰጠው ለሞሻብና ለቂቡጽ አምራቾች ነው። ለሰሜን ድንበር እንቁላል አምራቾችም የ1988ቱ የገሊላ ሕግ ተጨማሪ ድጋፍ ፈቀደ።

በ2021 ሚኒስትሮቹ ኦዴድ ፎረርና አቪግዶር ሊበርማን ቀረጡ ተቀንሶ ለገበሬው በቀጥታ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረቡ። ገበሬዎቹ ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ከበጀቱ ሕጎች ተነጥሎ ወጣ።

ልዩነቱ ኪሳችን ላይ ነው፦ ድጎማው ከገቢ ግብር ሲከፈል ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። በዋጋ ሲሆን ግን ገቢው አነስተኛ የሆነ ባለብዙ ልጅ ቤተሰብ ይበልጥ ይጎዳል።