እምቢ የሚል መካሪ

አንባቢ ሆይ፤ የታላላቅ መሪዎች ታሪክ ሲጻፍ፣ ከጀርባቸው ቆሞ የመከራቸው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዛሬ የምናወሳው አሜሪካዊው ሉዊስ ሐው ከእንደነዚህ ያሉት መካሪዎች አንዱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐው በ1871 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ነው። ሰውነቱ ደቃቃ፣ ፊቱ ጠባሳ ያለበት፣ አስም የሚያስጨንቀው ሰው ነበረ። ሥራው ጋዜጠኝነት ሲሆን፣ በ1911 የግዛቱ ዋና ከተማ በሆነችው በኦልባኒ ወሬ ሲከታተል ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከተባሉ ወጣት የምክር ቤት አባል ጋር ተዋወቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ሩዝቬልት እንደገና ለመመረጥ ሲወዳደሩ በታይፎይድ ታመው ተኙ። የቅስቀሳው ሥራ በሐው እጅ ወደቀ። እርሱም ሙሉ ገጽ የጋዜጣ ማስታወቂያ እያሳተመ፣ ለገበሬዎችም ደብዳቤ እየላከ፣ ሩዝቬልት ከአልጋቸው ሳይነሡ አስመረጣቸው። በዚያው ዓመት በጻፈላቸው ደብዳቤ፣ ገና የ30 ዓመት ሰው የነበሩትን ሩዝቬልትን የወደፊቱ ፕሬዚዳንት ብሎ ጠራቸው።

የመካሪነቱ እውነተኛ ፈተና የመጣው ግን በ1921 ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ሩዝቬልት በፖሊዮ በሽታ ተመትተው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። እናታቸው ልጃቸው ከፖለቲካ ርቀው በሃይድ ፓርክ ርስታቸው እንዲያርፉ ፈለጉ። ሐውና ባለቤታቸው ኤሊኖር ግን ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። የሩዝቬልት ስም በሕዝብ ዘንድ እንዳይረሳ ሲል፣ ሐው ዓይን አፋር የነበሩትን ኤሊኖርን በአደባባይ መናገር አስተማራቸው፤ ከአዳራሹ በስተኋላ ተቀምጦ እያዳመጠ ጉድለታቸውን ያርም ነበር። ሩዝቬልት በ1928 የኒው ዮርክ አገረ ገዥ እንዲሆኑ ተመረጡ፤ በ1932ም ከ48ቱ ግዛቶች በ42ቱ አሸንፈው ለፕሬዚዳንትነት ተመረጡ።

ሐው የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ተብሎ በቤተ መንግሥቱ ተቀመጠ። ሌላው ሁሉ «ክቡር ፕሬዚዳንት» ሲል፣ እርሱ እንደ ጥንቱ «ፍራንክሊን» እያለ ይጠራቸው ነበር። ሐሳባቸው ካልጣመውም እምቢታውን በግልጽ ይናገር ነበር።

ሐው በሚያዝያ 1936 ሞተ። ሩዝቬልት በዚያው ዓመት በኅዳር በ46 ግዛቶች አሸንፈው ዳግመኛ ተመረጡ። ወዲያውም በየካቲት 1937፣ 9 ዳኞች የነበሩትን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ 15 ዳኞች የሚያሰፋ ሕግ አቀረቡ። ከጥቂት ሰዎች በቀር የገዛ ፓርቲያቸውን መሪዎች እንኳ በጊዜው አላማከሩም። ከዚያ ታላቅ ድል በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሐሳቡን ወደ ኮሚቴ መልሶ ቀበረው።

ሐው በሕይወት ቢኖር ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር ብሎ በእርግጥ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ያን ጊዜ በፕሬዚዳንቱ አጠገብ የጎደለው ማን እንደ ነበር ታሪኩ ያመለክታል። አበው «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ፤ አስቀድሞ ግን ደፍሮ የሚመክር መገኘት አለበት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በየመሥሪያ ቤቱ አለቃም ምንዝርም ሆነን የምንሠራ ሁሉ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። ምንዝር የሆንህ እንደ ሆነ፣ ለአለቃህ የሚበጀውን በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳትሸፋፍን ንገረው። አለቃ የሆንህ እንደ ሆነ ደግሞ፣ እምቢ የሚልህን ሰው ከአጠገብህ አታርቀው።