ባቡር የማይቆምበት የባቡር ጣቢያ

በእየሩሳሌም፣ ዔሜቅ ረፋይም መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ ያለው አሮጌ የድንጋይ ሕንጻ «ሃታሃና ሃሪሾና»፣ ማለትም የመጀመሪያው ጣቢያ ይባላል። ሰዎች ቡና ለመጠጣት፣ ሙዚቃ ለመስማትና ልጆች ለማጫወት ይሄዱበታል። ባቡር ግን ከ1998 ወዲህ አልቆመበትም።

ጣቢያው የተከፈተው አገሪቱ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ሳለች፣ በሴፕቴምበር 1892 ነው። መስመሩን ለመዘርጋት ከሱልጣኑ መንግሥት ፈቃድ ያገኘው ዮሴፍ ናቮን የተባለ የእየሩሳሌም ሰው ሲሆን፣ ፈቃዱን ገዝቶ ሥራውን የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ከያፎ እስከ እየሩሳሌም ያለው 87 ኪሎ ሜትር አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። ለዛሬ ሰው ረጅም ይመስላል፤ በፈረስ ጋሪ ዳገቱን ይወጣ ለነበረው መንገደኛ ግን ትልቅ እፎይታ ነበር። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ፈረንሳዮች ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ለገሃር የዘረጉት የምድር ባቡር ሐዲድም ስፋቱ ይኸው ነው። የእየሩሳሌሙን ሐዲድ እንግሊዞች ከ1918 እስከ 1920 ባለው ጊዜ አሰፉት።

ከነጻነቱ ጦርነት በኋላ በ1949 ከዮርዳኖስ ጋር ድንበር ሲሰመር፣ ሐዲዱ በእስራኤል እጅ እንዲቆይ ተብሎ ቤት ሳፋፋ የተባለው የአረብ መንደር ለሁለት ተከፈለ። እስከ 1967 ድረስ ዘመዳሞች በአጥር ተለያይተው ኖረዋል። አንድ የባቡር መስመር ይህን ያህል ዋጋ ነበረው።

ጣቢያው በ1998 ሲዘጋ ግን ጠባቂ አጣ። በሩና መስኮቱ ተሰበረ፣ ሐዲዱ አረም በቀለበት፣ ቆሻሻ መጣያም ሆነ። በሐዲዱ ቦታ ላይ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። የሰፈሮቹ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ መናፈሻ እንዲሆን ጠየቁ፤ አሸነፉም።

እንዲህ ያለ ክርክር ሕግም አለው። በ1991 የወጣ የእቅድና የግንባታ ሕግ ማሻሻያ፣ በየአካባቢው የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ እንዲቋቋምና ሊጠበቁ የሚገባቸው ሕንጻዎች ዝርዝር እንዲዘጋጅ ያዛል። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ብቻውን ግን ጣራ አያድስም። ሥራ የሌለው ሕንጻ ገንዘብ የሚያወጣለት አያገኝም፤ ስለዚህ አዲስ ሥራ ሊፈለግለት ይገባል።

የእየሩሳሌሙ ጣቢያ የድንጋይ ግድግዳው እንደነበረ ተጠብቆ በ2013 የመዝናኛና የገበያ ቦታ ሆኖ ተከፈተ። የመስመሩ ሌላ ጫፍ የነበረው የያፎ ጣቢያም ታድሶ በ2010 በሱቆችና በምግብ ቤቶች ተሞልቷል። የእየሩሳሌሙ በሰንበትም ክፍት መሆኑ ሃይማኖተኞችን አስቆጥቷል፣ ሰልፍም አስወጥቷል። ሌላም ጥያቄ አለ፦ በጡረታ የሚኖር ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት ይከብደዋል። ሕንጻው ድኗል፤ ለሁሉም ሰው ድኗል ማለት ግን ያስቸግራል።

ለሁሉም የሆነው ሐዲዱ ነው። «ፓርክ ሃመሲላ» የሚባለው መናፈሻ ከጣቢያው ተነስቶ በባቃና በካታሞኒም በኩል፣ ቤት ሳፋፋንም እየነካ ወደ ማልሃ ያመራል። የድሮው ብረት አልተነቀለም፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሰው ይሄድበታል፣ ብስክሌት ደግሞ በጎን የራሱ መንገድ አለው። መግቢያ አይከፈልበትም። ጠዋት ጠዋት አረጋውያን ከዘራቸውን ይዘው ይንሸራሸራሉ፣ እናቶች የሕጻናት ጋሪ ይገፋሉ፣ የቤት ሳፋፋ ልጆችና የካታሞኒም ልጆች በአንድ መንገድ ብስክሌት ይነዳሉ።

ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ ለእግር ቀላል ነው። ከጣቢያው ወደ ማልሃ ሲኬድ በዝግታ ቁልቁል ይወርዳል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከጣቢያው ቢጀምርና ሲመለስ በአውቶቡስ ቢመጣ ይሻለዋል።