ከጓሮ ጉድጓድ እስከ መደብር ማቀዝቀዣ

በወላይታ የአንድ ቤተሰብ ጎተራ ሁለት ነበር፤ አንዱ በጓሮ የቆመው እንሰት፣ ሁለተኛው እዚያው የተቆፈረው የቆጮ ጉድጓድ። እህል በወቅቱ ካልተሰበሰበ ይረግፋል፤ እንሰት ግን እስኪፈለግ ቆሞ ይጠብቃል። እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የሚተከል ችግኝ ዛሬ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይበላል።

ያደግሁት ከሶዶ ወጣ ብሎ በዳሞት ተራራ ግርጌ ነው። በቤታችን ዙሪያ ያለውን ለም አፈር ዳርኩዋ፣ ራቅ ያለውን የእህል ማሳ ደግሞ ሾቃ እንለዋለን። የከብቶቹ ፍግ በየጠዋቱ ወደ ዳርኩዋው ይወሰዳል፤ ያለ ፍግ እንሰት አይፋፋምና። አባቴ ይተክላል፣ ችግኙንም ከቦታ ቦታ ያዛውራል። እንሰቱን ምግብ የሚያደርጉት ግን ሴቶች ናቸው።

እናቴና ጎረቤቶቿ ተጠራርተው ይፍቁ ነበር። የግንዱ ንጣፍ በዘመመ ሳንቃ ላይ ይዘረጋል፤ በቀርከሃ መፋቂያ ሲገፉት ለስላሳው ክፍል ከቃጫው ይለያል። አምቾው፣ ማለትም የእንሰቱ ሥር፣ ለብቻው ተከትክቶ ይደቃል። የተጠለለው ውሃ ሲረጋ ከታች ነጭ ቡላ ይገኛል። የቀረው ተደባልቆ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ በኮባ ተሸፍኖም ድንጋይ ይጫንበታል። እናቴ በየጊዜው ከፍታ ታገላብጠዋለች፤ መድረሱንም በጠረኑና በእጇ ስትጨምቀው ታውቃለች። በዚህ መንገድ ቆጮ ለወራት፣ ሲልም ከዓመት በላይ ይቆያል።

ምግብን ለማቆየት ሌላም መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የክላረንስ በርድዛይ በፍጥነት የቀዘቀዙ ፍራፍሬዎች፣ አትክልትና ሥጋ በመደብር መሸጥ ጀመሩ። የእሱ ዘዴ ረቂቅ ተሕዋስያንን በቅዝቃዜ ማስቆም ነው። የእናቶቻችን ዘዴ ተቃራኒው ነው፤ ተሕዋስያኑን ለሥራ ያሰማራቸዋል። እነሱም አሲድ እያመረቱ ምግቡን የሚያበላሹትን ያሸንፋሉ። ለዚህ ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ ይበቃል።

ታዲያ የጓሮው ጎተራ ለምን ጠበበ? መልሱ አንድ አይደለም። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ጓሮው አነሰ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ያስታወቁት የእንሰት አጠውልግ በሽታ አንዴ ከገባ ብዙ ተክል ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው፣ ሕዝባችን «ዋዱ» የሚለው የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያስፋፋ ትኩረቱ በእህል ላይ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ከብቱ አለቀ፣ ያልደረሰ እንሰት ሳይቀር ተቆረጠ። ከብት ሲያልቅ ፍግ ያልቃል፤ ፍግ ሲያልቅ ዳርኩዋው ይደክማል። እንሰት ያጣ ቤት ቆጮውን ከገበያ መግዛት ግድ ሆነበት።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በቅርቡ ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመታችን፣ ከአንድ መደብር ማቀዝቀዣ በላስቲክ የታሸገ ቆጮ ገዛሁ። ጊፋታ ሙቿ የተባለው ምግብ ከሌለ አይሆንም፤ ሙቿም ያለ ቆጮና ያለ ቅቤ አይሠራም። ለዚሁ በዓል የወላይታ ሴቶች ቅቤውን ተባብረው ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። በረዶው ሲሟሟ ቆጮው ብዙ ውሃ አወጣ። በቀጭን ጨርቅ ጨመቅሁት፣ የቀረውን ቃጫ በቢላ ከተፍሁ፣ አሸሁና ገሚሱን ለሙቿ አስቀርቼ ሌላውን በምጣድ ጋገርሁ። ኮምጣጣነቱ ልክ ነበር፤ ቃጫውም ከጠበቅሁት አንሶ አገኘሁት። የጎደለው በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር የሚያገኘው መዓዛ ብቻ ነው። ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ከጓሮ ርቆ ለሚኖር ሰው ትልቅ በረከት ነው።

ማሸጊያው ላይ ክብደትና ዋጋ ተጽፏል። ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ ስንት ወር በጉድጓድ እንደቆየ ግን አልተጻፈም። የቆጮ ጥራት የሚወሰነው እዚያ ነው፤ ማቀዝቀዣው የተሠራውን ያቆያል እንጂ ያልበሰለውን አያበስልም፤ የተቻኮለ ቆጮም ቀዝቅዞ አይሻሻልም።

አረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የእንሰት ዝርያዎችን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። የጉድጓዱን ዕውቀት የሚጠብቁት ግን እንሰት የሚፍቁት እናቶች ናቸው። ከገዢው ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ለእነሱ ልፋት በሚመጥን መጠን ከደረሰ ልጆቻቸው ሙያውን ይወርሳሉ፣ አባቶችም ችግኝ ይተክላሉ። ስለዚህ የወላይታ ልጆች በሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ ቆጮ ስንገዛ ከየት እንደመጣና ማን እንደሠራው እንጠይቅ። ነጋዴውም ወረዳውንና የቆይታውን ጊዜ ማሸጊያው ላይ ይጻፍ።