ጨረቃ ቤት፦ ስለ አዲስ አበባ መሬት፣ ጣሪያና ሰነድ

በመንግሥት ሰነድ «ሕገ ወጥ ግንባታ» የሚባለውን ቤት ሕዝባችን «ጨረቃ ቤት» ይለዋል። በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ያደረ ማለት ነው። ቱርኮችም ለተመሳሳይ ቤት «ጌጄኮንዱ» የሚል ስም አላቸው፤ «በሌሊት የተቀመጠ» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ተመካክረው አልሰየሙትም፤ ተቆጣጣሪው በቀን በሚዞርበት ከተማ ሁሉ ድኻው የሚሠራበት ሰዓት አንድ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ጉብታ ጉብታውን ተመሩ፤ ወታደሩና ሎሌው በጌታው ግቢ ዙሪያ በመሰለው ስፍራ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈርን የመሳሰሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው። ያን አሰፋፈር ሕገ ወጥ ያለው የለም፤ ዛሬ «ነባር» እንለዋለን።

ለውጡ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ መኖሪያ ቤት የሚፈቀደውንም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። መሬት የሚሸጥ ሰው በሕግ ፊት ጠፋ፤ የሚገዛው ግን አልጠፋም። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ ሲመጣ ባለ ገንዘቡ ተጫረተ፤ ሌላው ወደ ኮልፌ፣ ወደ የካ፣ ወደ ቦሌና ወደ ላፍቶ ዳርቻ ወጣ።

እዚያ ያለውን ውል ማየት ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። መሬት መሸጥ ክልክል ስለሆነ ወረቀቱ ሽያጭ አይልም፤ ስጦታ ይላል፣ ወይም ብድር። ምስክሮች ይፈርማሉ። ከዚያ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ጭቃና ቆርቆሮ በበዓል ዋዜማና ቢሮ በሚዘጋበት ቀን ይደርሳል። መብራት ከገባ የመብራቱ ደረሰኝ ራሱ ማስረጃ ይሆናል፤ ግብር የተከፈለበት ወረቀት ደግሞ እንደ ንዋየ ቅድሳት ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

አስተዳደሩ ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ ለመለየት የተጠቀመበት መሣሪያ የአየር ፎቶግራፍ ነው፤ መጀመሪያ የ1988ቱ፣ በኋላም የ1997ቱ። ከሰማይ የሚታየው ጣሪያ ብቻ ነው። በውስጡ ሰባት ነፍስ ይኑር ወይም ባዶውን ይቆለፍ፣ ፎቶግራፉ አይለይም። በእኔ እምነት እነዚህ ሁለት ዓመታት ከብዙ አዋጆች ይልቅ ሕግ ሆነው ሠርተዋል። የሰፋሪውን ዕጣ የወሰነው የሠራው ነገር ሳይሆን የሠራበት ቀን ነበርና። ከዚያም በላይ፣ ይቅርታው ሁለት ጊዜ መሰጠቱን ያየ ሰው ሦስተኛውን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በ2008 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ በሃና ማርያም ቤት ሲፈርስ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት የደረሰው ግጭት ያለዚህ ጥበቃ አይገባንም።

ደላላን ብቻ መውቀስ ተለምዷል። የገበሬው ስሌት ግን አይነሳም። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ መሠረት ከማሳው በቋሚነት የሚነሳ አርሶ አደር የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። የጤፉ ዋጋ ይታሰባል፤ የቦታው ዋጋ አይታሰብም፣ መሬቱ የእርሱ አይደለምና። ያው ማሳ ግን ከተወሰደ በኋላ በሊዝ ጨረታ ይወጣል፤ ገበሬውም ዋጋውን ይሰማል። ከተማው ሳይደርስበት ቆራርሶ በ«ስጦታ» መስጠት የጀመረው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።