የክብደት መቀነስ እና የልብ ሕመም መድኃኒቶች መጠን

የልብ ሕመም መድኃኒት መጠን የሚወሰነው ታካሚው መድኃኒቱ በታዘዘለት ወቅት በነበረው የሰውነት ሁኔታ ነው። ክብደት ሲቀንስ የደም ግፊት፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ እና መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወገድበት ፍጥነት ሊለወጡ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ቀድሞ ተስማሚ የነበረው መጠን ሊበዛ፣ አንዳንዴም ሊያንስ ይችላል።

ክብደት ለምን ይቀንሳል?

ክብደት በባለሙያ ምክር በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ሊቀንስ ይችላል። ሳይታሰብ ሲቀንስ ግን ምክንያቱ መታወቅ አለበት። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ሕመም እና ራሱ የልብ ድካም ሰውነትን ያከሳሉ። በወላይታ ዞን በጉኑኖና አካባቢዋ እንደሚኖሩት ባሉ አርሶ አደር ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ አዲስ ምርት ከመድረሱ በፊት ባለው ወቅት የምግብ መጠንና ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። በ6 ወር ውስጥ ሳይታሰብ ከ5 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከ60 ኪሎ ግራም ከ3 ኪሎ ግራም በላይ የቀነሰ ሰው መመርመር ይኖርበታል። እግሩ ያበጠ ታካሚ ግን ሥጋው እየቀነሰ በፈሳሹ ምክንያት ሚዛኑ ላይለወጥ ይችላል።

በየመድኃኒቱ ሊከሰት የሚችለው ለውጥ

• የደም ግፊት መድኃኒቶች (ኢናላፕሪል፣ አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ)፦ በአማካይ በእያንዳንዱ የተቀነሰ ኪሎ ግራም የላይኛው የግፊት ቁጥር በ1 ገደማ ይወርዳል። መጠኑ ካልተስተካከለ ሲነሱ ማዞርና መውደቅ ሊከተል ይችላል።

• ፍሩሴማይድ (ላዚክስ)፦ እብጠቱ ከጠፋ ወይም ታካሚው የሚበላውና የሚጠጣው ካነሰ በኋላ በነበረበት መጠን ከቀጠለ ሰውነትን ያደርቃል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

• ዲጎክሲን፦ ጡንቻ ሲመነምንና ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መዘግየት እና ነገሮችን ቢጫ አድርጎ ማየት የመብዛቱ ምልክቶች ናቸው።

• ዋርፋሪን፦ ምግብ ሲቀንስ፣ በተለይ ጎመን መብላት ሲቋረጥ፣ የመድኃኒቱ ኃይል ጨምሮ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። በተቃራኒው ክብደቱ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት የቀነሰ ታካሚ ሪፋምፒሲን ሲጀምር የዋርፋሪን ኃይል ይቀንሳል፤ ይህም ሰው ሠራሽ የልብ በር ላለው ሰው የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል።

• በኪሎ ተሰልተው የሚታዘዙ መድኃኒቶች፦ የሕፃናት የልብ መድኃኒቶች እና በመርፌ የሚሰጠው ኢኖክሳፓሪን መጠናቸው ከወቅታዊ ክብደት ጋር መመሳከር አለበት።

ታካሚዎች ማድረግ የሚገባቸው

ክብደት ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ከሽንት በኋላ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ተለክቶ ቢመዘገብ ይመረጣል። የልብ ድካም ያለበት ሰው በየቀኑ ቢመዘን ይመከራል። በቤት ውስጥ ሚዛን የሌለው ታካሚ በክትትል ቀጠሮው ሁሉ በጤና ጣቢያ እንዲመዘን መጠየቅ ይችላል። የልብስ ወይም የቀበቶ መስፋትም ለባለሙያ ሊነገር የሚገባ ምልክት ነው።

መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ፣ ለሁለት መክፈል ወይም ለሌላ ሰው ማካፈል አይገባም። በተለይ አቴኖሎልንና ፕሮፕራኖሎልን በድንገት ማቆም የልብ ሕመምን ሊያባብስ ይችላል። በቀጠሮ ቀን የሚወሰዱት መድኃኒቶች በሙሉ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትና ባህላዊ መድኃኒት ጭምር፣ ለባለሙያው መታየት አለባቸው።

ክብደትና የደም ግፊት በጤና ጣቢያ ይለካሉ። ዋርፋሪን ለሚወስዱ ሰዎች የሚደረገው የአይ.ኤን.አር. የደም ምርመራ ግን ወደ ሆስፒታል መሄድን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የጉኑኖ ነዋሪዎች ወደ ሶዶ የሚያደርጉትን ጉዞ ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድመው ቢያቅዱ ይመከራል።

አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ራስን መሳት፣ የማይቆም ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ የአንድ ወገን የሰውነት መዛል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ መጨመር ከታየ፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።