በቅዱሳን ዋዜማ ስለሚለበሰው የማስመሰያ ልብስ

ሰው ዕራቁቱን ለመሸፈን፥ ብርድን ለመከላከል፥ ማዕረጉንም ለማሳየት ይለብሳል። ከነዚህ ሌላ አራተኛ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ያልሆነውን ሆኖ ለመታየት ነው። ያዕቆብ የጠቦት ለምድ በእጁ አድርጎ ዔሳውን መሰለ፤ ሳኦልም ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሴት ሄደ። እንግዲህ ሌላ መስሎ መታየት አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚመረመረው ግን ስለ ምን እንደ ተደረገ ነው።

በአሜሪካና በብዙ የኤውሮፓ አገሮች በኦክቶበር 31 ቀን ማታ፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን በሚውልበት ምሽት፥ ሃሎዊን የሚባል በዓል ይደረጋል። ልጆችና ዐዋቂዎች የአጽም፥ የጠንቋይ፥ የንጉሥ፥ የአውሬ ልብስና ጭምብል አድርገው ይወጣሉ። ስለዚህ ነገር የሰው ልብ ሦስት ነው። አንዱ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ይደሰታል፤ ሁለተኛው የአጋንንት ሥራ ነው ብሎ ይጸየፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወገኔን መሳቂያ አደረጉብኝ ብሎ ያዝናል። አንድ ልብስ ሦስት ስሜት ያስነሣበትን ምክንያት ለማወቅ ታሪኩን መከተል ይገባል። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሃሎዊን የሚለው ስም ከእንግሊዝኛ ቃል አጥሮ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው። በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል በኖቬምበር 1 ቀን እንዲከበር በ835 ዓ.ም. በፍራንኮች መንግሥት ታዘዘ። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ በማግሥቱ ስለ ሙታን ሁሉ እንዲጸለይ ሥርዓት ሠራ። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝ አገር ድኾች በየደጁ እየዞሩ፥ ለሞቱባችሁ ነፍሳት እንጸልያለን እያሉ፥ የነፍስ ኅብስት የሚባል ትንሽ እንጐቻ ይቀበሉ ነበር። የእኛ ልጆች በቡሄ እየዘመሩ ሙልሙል እንደሚቀበሉ ያለ ነው፤ የበዓሉ ምክንያት ግን ሌላና ሌላ ነው።

በአየርላንድና በስኮትላንድ ደግሞ ይኸው ጊዜ የብርድ ወራት መግቢያ ስለ ሆነ፥ በዚያች ሌሊት መናፍስት ይመላለሳሉ እየተባለ ይፈራ ነበር። በስኮትላንድ ሰዎች ልብሳቸውን ለውጠው፥ ፊታቸውን ሸፍነው በየቤቱ መዞራቸው ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዱ መናፍስት እንዳያውቁት፥ አንዳንዱም ጎረቤቱ እንዳያውቀው ይሸፈን ነበር። ፊት ሲሸፈን ፍርሀት ይቀላል፤ ነገር ግን እፍረትም አብሮ ይቀላል።

በ1845 ዓ.ም. የድንች ተክል በበሽታ ጠፍቶ በአየርላንድ ጽኑ ራብ ስለ ሆነ፥ ከሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተሰደደ፤ ወደ አሜሪካ የሄዱትም ልማዳቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያም ጎረምሶች ፊታቸውን ሸፍነው የሰው አጥር መንቀልና መስኮት መስበር አበዙ። በሚኔሶታ ያለችው የአኖካ ከተማ በ1920 ዓ.ም. ይህን ለማስቀረት ለልጆቹ የሰልፍ በዓል አዘጋጀች። በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ወይ ስጡን ወይ እናስቸግራችኋለን እያሉ ከረሜላ መለመን ተለመደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በልክ ይታደል ስለ ነበር ልማዱ ቀነሰ፤ በ1947 ዓ.ም. እደላው ሲቀር ግን በርትቶ ተመለሰ፤ ነጋዴዎችም የማስመሰያ ልብስ እየሰፉ ከበሩበት። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በፊላዴልፊያ ልጆች በዚያው ምሽት ለችግረኞች ልጆች ሣንቲም መሰብሰብ ጀመሩ። እንግዲህ ያው ጭምብል ለፍርሀት፥ ለምጽዋት፥ ለክፋት፥ ለጨዋታ፥ ለንግድና ለርኅራኄ ሲያገለግል አየን።

በ692 ዓ.ም. በቊስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ፥ ከኬልቄዶን በኋላ ስለ ሆነ እኛ ባንቀበለውም፥ በ62ኛው ቀኖናው በአረማውያን በዓል የቴአትር ጭምብል ማድረግን ከልክሏል። የከለከለበትም ምክንያት ያ ዘፈንና ጭምብል በጣዖት ስም ይደረግ ስለ ነበረ ነው። የጥንቆላ ሥራ ለመሥራት የሚለብሰውን ሰው ይህ ፍርድ ያገኘዋል፤ የአንበሳ ለምድ ለብሶ የሚስቀውን የስድስት ዓመት ሕፃን ግን ከእርሱ ጋራ አንድ አድርጎ መክሰስ ፍርድ ማጓደል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሦስተኛው ሰው ኀዘን ነው። በ2011 ዓ.ም. በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች የሕዝባቸው መልክና ልብስ መሳለቂያ መሆኑን በመቃወም፥ እኛ ባህል ነን እንጂ የማስመሰያ ልብስ አይደለንም የሚል ጽሑፍና ሥዕል አወጡ። አጽም የሚመስል ሰው ማንንም አያቈስልም፤ የባልንጀራውን የፊት ቀለም በጥላሸት የሚመስል ግን ፈጣሪ የሰጠውን መልክ ያዋርዳል። ሲነጋ ለባሹ ያወልቀዋል፤ የተሰደበው ግን ቆዳውን ሊያወልቅ አይችልም።

ይህ ነገር በአሜሪካ ለሚኖሩት ወገኖቻችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ተመልሶ፥ አባባ፥ እኔስ ምን ልልበስ? ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያስፈልገዋል። ዝም ብሎ ሂድ ማለት ቸልተኝነት ነው፤ ምክንያቱን ሳያስረዱ አትሂድ ማለትም ልጁ ተደብቆ እንዲለብስ ያስተምረዋል። በቅኔ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ወርቁን ያጣል፤ እንደዚሁም ልብሱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው የለባሹን ሐሳብ ይስታል። ስለዚህ አባት ልጁን አስቀምጦ፥ ማንን ልትመስል ወደድህ? ስለ ምን ወደድኸው? በዚህስ የሚያዝን ሰው አለን? ብሎ ይጠይቀው። የሦስቱ መልስ ንጹሕ ከሆነ ይፍቀድለት፤ ካልሆነም ምክንያቱን ነግሮ ይከልክለው፤ ልጁም የተከለከለበትን ምክንያት ዐውቆ ያድጋል።